ኩሊ ሎች በትርፍራፊ አትኖርም

ጥያቄ፦ «ሰላም፣ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። 80 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም (የዓሣ ማኖሪያ መስታወት) አለኝ። ውስጡ ስምንት ጋፒ፣ አምስት ታይገር ባርብና ሦስት ኩሊ ሎች የሚባሉ ዓሦች አሉ። ወለሉ ጠጠር ነው። ኩሊዎቹን ከገዛኋቸው ሁለት ወር ሊሞላ ነው። ሻጩ ‹የሌሎቹን ትርፍራፊ እየለቀሙ ይኖራሉ፣ ለብቻቸው መመገብ አያስፈልግም› ብሎኝ ነበር። ጠዋትና ማታ ፍሌክ (ስስ ቅርፊት የመሰለ ደረቅ የዓሣ ምግብ) እሰጣለሁ። ኩሊዎቹን ግን ሲበሉ አይቼ አላውቅም፤ ቀን ቀን ጭራሽ አይታዩም። ባለፈው ሳምንት ሌሊት መብራት ሳበራ አንደኛዋ ክስት ብላ አየኋት። ምን ልስጣቸው? መቼስ ልስጣቸው?»

መልስ፦ ከሻጩ ምክር ልጀምር፤ ጣጣው የመጣው ከዚያ ነው። ኩሊ ሎች ወለል ላይ ያገኘችውን ትለቅማለች፤ ይሄ እውነት ነው። ግን እርስዎ ቤት የሚለቀም ነገር የለም። ታይገር ባርብ ባለበት አኳሪየም የተበተነ ፍሌክ ደቂቃ አይቆይም። ባርቦቹ ከላይ ይቀልቡታል፣ ያመለጣቸውን መሃል ላይ ይይዙታል፣ የቀረውን ጋፒዎቹ ይጨርሱታል። አልፎ የወረደ ካለም ጠጠሩ መሃል ይሰምጥና እዚያው ይበሰብሳል። ኩሊዎችዎ እስካሁን የቆዩት በዚያ ጭላጭና ወለሉ ላይ በሚራቡ ጥቃቅን ነፍሳት ነው። አብዛኛውን ሌሊት ግን ጦማቸውን ነው የሚያድሩት።

ስለዚህ «ምን ልስጣቸው» ከሚለው በፊት «እንዴት ይድረሳቸው» የሚለውን እንፍታ። ኩሊ ምግብ መራጭ አይደለችም። ጥሩ ምግብ ገዝቶ ለባርብ ማብላት ግን በጣም ቀላል ነው፤ ብዙ ሰው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

ዓሣዋን ትንሽ እንወቃት። ኩሊ ሎች የደቡብ ምሥራቅ እስያ ዓሣ ናት፤ ማሌዥያ፣ ሱማትራ፣ ቦርኒዮ፣ በዚያ አካባቢ። የምትኖረው ቀስ ብሎ በሚፈስ ጅረትና ጫካ ውስጥ ባለ ረግረግ፣ የወደቀ ቅጠል በተነባበረበት ወለል ላይ ነው። ቀን ቅጠሉ ሥር ትደበቃለች፣ ሲጨልም ትወጣለች። ስታድግ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች፤ ውፍረቷ ግን ከእርሳስ ብዙም አይበልጥም። ዓይኗ ትንሽ ነው። ምግቧን የምታገኘው እያሸተተችና አፏ ዙሪያ ባሉት አጫጭር ሪዞች እየዳሰሰች ነው። አፏ ከታች በኩል ነው፤ በጣምም ጠባብ ነው። አሸዋ ካገኘች ትጎርሰዋለች፣ የሚበላውን ትለያለች፣ ቀሪውን በስንጥቧ ታስወጣዋለች። በተፈጥሮ ምግቧ የነፍሳት እጭ፣ ቀጫጭን ትልና በዓይን በጭንቅ የሚታዩ ፍጥረታት ናቸው።

ከዚህ ብቻ ሦስት ነገር ይወጣል። ምግቡ የሚሰምጥ መሆን አለበት። አፏ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ወይም ቶሎ የሚለሰልስ መሆን አለበት። መድረስ ያለበትም በጨለማ ነው።

ሰዓቱን በእርስዎ ቤት ልማድ እንሥራው። የአኳሪየሙን መብራት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ያጠፋሉ እንበል። ከማጥፋትዎ ሩብ ሰዓት በፊት ለባርቦቹና ለጋፒዎቹ እራታቸውን ይስጡ፤ ኩሊዎቹ ከሚደበቁበት ራቅ ባለው ጫፍ በኩል ያድርጉት። ሆዳቸው የሞላ ባርቦች ወለሉን የማሰስ ፍላጎታቸው ይቀንሳል። መብራቱን ያጥፉ፣ የሳሎኑንም ቢቀንሱ ጥሩ ነው። ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይጠብቁ። የቀን ዓሦች ሲጨልም ይፈዛሉ፣ አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ይላሉ። የኩሊዎቹን ምግብ የሚያወርዱት ያኔ ነው።

ሲያወርዱም ከላይ አይበትኑ። ከፋርማሲ 20 ወይም 50 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሲሪንጅ ይግዙ፤ መርፌው አያስፈልግም። ጫፉ ላይ ወለሉ ድረስ የሚደርስ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ይሰኩበት፤ ለአየር ፓምፕ የሚሸጠው ይሆናል። ምግቡን ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ያርሱት፣ ይሳቡት፣ መደበቂያቸው አፍ ላይ ቀስ አድርገው ይልቀቁት። በኃይል ከገፉት ይበተንና ባርቦቹን ይቀሰቅሳል። ምግቡ ፔሌት (ደረቅ ድቡልቡል የዓሣ ምግብ) ሆኖ በቱቦው ካላለፈ ደግሞ ሰፋ ያለ የፕላስቲክ ቧንቧ ቀጥ አድርገው ወለሉ ላይ ያቁሙና በውስጡ ይጣሉት፤ የትም ሳይሄድ ቀጥ ብሎ ይወርዳል።

ቦታውን አይቀያይሩት። እነዚህ ዓሦች ቦታ ይለምዳሉ። በየምሽቱ አንድ ቦታ ምግብ ካገኙ፣ ጥቂት ሳምንት ሲቆዩ ገና ቱቦው ሲገባ ብቅ ማለት ይጀምራሉ። ቦታው ላይ አነስተኛ የብርጭቆ ሳህን ወይም ጠፍጣፋ የሻይ ስኒ ማስቀመጫ ቢያስቀምጡ፣ ምግቡ ጠጠር ውስጥ አይገባም፤ ጠዋት ምን ያህል እንደተረፈም በግልጽ ያያሉ።

ታይገር ባርብ ግን ታይገር ባርብ ነው። ጨልሞም ቢሆን ሽታ ከደረሰው የሚወርድ አለ። እንዲህ ካስቸገረዎት የኩሊዎቹን ማዕድ ይዝጉት። ክዳን ያለው ትንሽ የምግብ ፕላስቲክ ዕቃ ይውሰዱ፤ ንጹህ ይሁን፣ ሳሙና ያልነካው። ጎንና ጎኑን 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ስፋት ባለው ቀዳዳ ይብሱት። ኩሊ በቀላሉ ትገባለች፣ ያደገ ባርብ ግን በቁመቱ ምክንያት አያልፍም። ቀዳዳውን ከዚያ አያጥብቡት፤ ሆዷ የሞላ ኩሊ ልትጣበቅ ትችላለች። የቀዳዳውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት። የኩሊ ቆዳ ስስ ነው፣ ስለታም ነገር ይልጠዋል። ውስጡ ትንሽ አሸዋና እንዳይንሳፈፍ ድንጋይ ያድርጉበት። ክዳኑ ላይ ለቱቦው የሚሆን ቀዳዳ ይተዉ። ውበት የለውም፣ አውቃለሁ። ፊት ለፊቱ ተክል ቢተክሉ አይታይም።

ባርቦቹን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ታይገር ባርብና ጋፒ አብረው አይሄዱም። ባርብ ረጅም ጅራት ሲያይ አያስችለውም፤ ይነጨዋል። የጋፒዎችዎ ጅራት ተበጣጥሶ ከሆነ ሌላ በሽታ አይፈልጉ። ባርቦቹን ለሌላ ሰው ቢሰጡ ለጋፒዎቹም ለኩሊዎቹም እፎይታ ነው። በእኔ እምነት ከዚህ በታች ከምጽፈው ምክር ሁሉ ይህ አንዱ ይበልጣል፤ ግን ሰው ዓሣውን ይወዳል፣ ስለዚህ አብረው እንዳሉ አድርጌ ልቀጥል።

አሁን ወደ ምግቡ። የዘወትሩ ምግብ የሚሰምጥ ጥቃቅን ፔሌት ይሁን፤ 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ። ለወለል ዓሣ ተብሎ የሚሸጠው ክብ ጠፍጣፋ ምግብም ይሆናል፣ ሰባብረው ይስጡት። ሳይሰበር ከገባ እስኪለሰልስ ሌላ ይወስደዋል። ማሸጊያው ላይ ከተጻፉት ነገሮች መጀመሪያ ያለው ዓሣ፣ ሽሪምፕ ወይም የነፍሳት እጭ ቢሆን ይመረጣል፤ ስንዴ ከሆነ ይተዉት። ትልቁ ጣሳ በዋጋ ያዋጣል ብለው አይግዙ። የዓሣ ምግብ ከተከፈተ በኋላ ቫይታሚኑ ይሞታል፣ ቅባቱም ይበላሻል። ለጥቂት ወር የሚበቃ ትንሽ ጣሳ ይሻላል። በላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጠው፣ መቼ እንደተከፈተ የማይታወቀው፣ ለእንዲህ ያለ ቀጭን ዓሣ አይሆንም።

በሳምንት ሁለት ሦስቴ ደግሞ ሥጋ ነክ ምግብ ይስጡ። በፍሪዘር የበረደ ብለድ ዎርም (ቀይ የነፍሳት እጭ)፣ ዳፍኒያ ወይም ብራይን ሽሪምፕ (ሁለቱም ጥቃቅን የውሃ ፍጥረታት ናቸው) ካገኙ ኩሊዎች ይሞቱለታል። አንዱን ኩብ በሙሉ አይጣሉ፤ ለሦስት ኩሊ ሩቡ ይበቃል፣ ይተርፋልም። በትንሽ ውሃ አሟሙተው፣ ውሃውን በማጥለያ አጥልለው፣ ትሉን ብቻ በሲሪንጅ ያውርዱ።

የበረደው ከጠፋ ጓሮዎን ያስቡ። የምድር ትል ምርጥ ምግብ ነው፣ ዋጋውም ነጻ። ፀረ ተባይም ሆነ የመኪና ዘይት ካልነካው አፈር ይውሰዱት። እርጥብ ጨርቅ ወይም ቅጠል ላይ አንድ ቀን አሳድረው ሆዱ ውስጥ ያለውን አፈር እንዲያወጣ ያድርጉ። ከዚያ ይጠቡትና በምላጭ እንደ ሽሮ እህል ያድቅቁት። የሚቀፍዎት ከሆነ ይገባኛል፤ ቀጣዩ ዘዴ ለእርስዎ ነው።

ቤት ውስጥ የሚሠራ የጄል ምግብ ማለቴ ነው። አንድ ቁራጭ የቆሮሶ ፊሌቶ በትንሹ ይቀቅሉ፤ አጥንት አይኑረው። አንድ ሁለት ቅጠል ቆስጣም አብረው ይቀቅሉ። ሁለቱን በጣም አልመው ይፍጩ። ጣዕም የሌለው ጄላቲን በትንሽ ሙቅ ውሃ አሟሙተው ያዋህዱት፣ ላስቲክ ላይ በስሱ ዘርግተው ፍሪዘር ውስጥ ያስገቡት። ሲፈልጉ የጥፍር ታህል ቆርሰው፣ አድቅቀው ይሰጣሉ። ጄሉ ውሃ ውስጥ ቶሎ አይፈራርስም፤ ወለሉ ላይ ቁጭ ይላል፣ ኩሊዎቹ እየነጩ ይበላሉ። ጨው የለም፣ ዘይት የለም፣ ቅመም የለም። በጾም ወቅት ዓሣ ቤቶች ትኩስ ፊሌቶ ስለማያጡ ለወራት የሚሆነውን ያኔ መሥራት ይቻላል።

የበሬ ሥጋና የዶሮ ቆዳ አይስጡ። የመሬት እንስሳ ስብ ለዓሣ አይስማማም። የዳቦ ፍርፋሪና እንጀራም እንዲሁ፤ ውሃውን ከማበላሸት ሌላ ጥቅም የላቸውም። የእንቁላል አስኳል ብዙዎች ይመክራሉ፤ ደመና ሆኖ ውሃው ውስጥ ይሟሟል፣ በ80 ሊትር ውሃ ባይሞክሩት ይሻላል። ለዱባና ለኪያር ኩሊ ብዙም ግድ የላትም።

መጠኑ ላይ ሰው ይሳሳታል፤ ከስታለች ብሎ ይጨምራል። ለሦስቱም ኩሊዎች በመጀመሪያው ሳምንት ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት የሚሆኑ የ1 ሚሊ ሜትር ፔሌቶች በቂ መነሻ ነው። ካወረዱ ከአንድ ሰዓት በኋላ የስልክዎን መብራት በቀይ ፌስታል ሸፍነው ቀስ ብለው ይዩ። ደብዛዛ ቀይ ብርሃን ብዙም አያስደነግጣቸውም። ሳህኑ ባዶ ከሆነ በማግሥቱ ትንሽ ይጨምሩ። ጠዋት የተረፈ ካለ በዚያው ሲሪንጅ ስበው ያውጡት፣ ማታ ይቀንሱ። በዚህ አኳኋን ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ልኩን ያገኙታል። በሳምንት አንድ ሌሊት ምንም ሳይሰጡ ቢያሳድሩ አይጎዱም።

ሲበሉ ማየት ግን ግዴታ አይደለም። ኩሊን ለዓመታት አሳድገው ሲጎርሱ ያላዩ ሰዎች አሉ። ማየት ያለብዎት ሆዷን ነው። መስታወቱ ላይ ተጠግታ ስትሄድ ከጎን ይመልከቷት። ከጭንቅላቷ ጀምሮ እስከ ክንፎቿ ድረስ ሆዷ ቀጥ ያለ ወይም በትንሹ ሞላ ያለ ከሆነ ደህና ናት። ከጭንቅላቷ ኋላ ጠበብ ካለች፣ ጀርባዋ እንደ ቢላ ከሾለ፣ ጭንቅላቷም ከሰውነቷ የበለጠ ከመሰለ ተርባለች ወይም ታማለች። በተቃራኒው ደግሞ ሆዷ ተነፍቶ፣ ውስጡ አረንጓዴ ነገር በቆዳዋ በኩል ከታየ አይደንግጡ፤ ዕንቁላል የያዘች ሴት ናት፣ የኩሊ ዕንቁላል አረንጓዴ ነው። ምግብ በዛባት ብለው እንዳይቀንሱባት።

ሌሊት መመገብ ሲጀምሩ ውሃውን ይበልጥ መከታተል አለብዎት። ሌሊት የተረፈ ምግብ እስኪነጋ ማንም አያየውም። ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣዋል፣ ባክቴሪያዎቹ ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ ሁለቱም መርዝ ናቸው። መለኪያ ካለዎት የሁለቱም ንባብ ዜሮ መሆን አለበት። መበስበሱ ደግሞ ኦክስጅን ይበላል። እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ሰው ከሌላው በላይ መጠንቀቅ አለበት። ከተማችን ከባህር ወለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍታ ላይ ናት። በ26 ዲግሪ ሙቀት ባህር ዳርቻ ያለ ከተማ ውስጥ አንድ ሊትር ውሃ 8 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። እኛ ዘንድ ያው ውሃ የሚይዘው 6 ገደማ ነው። ሩቡን ገና ከመነሻው አጥተናል ማለት ነው። የውጭ አገር ቪዲዮዎች ላይ ያለው «አየር ፓምፕ የግድ አይደለም» የሚለው ምክር ለእኛ አይሠራም። ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ አየር ፓምፕ ይኑርዎት። ኩሊዎቹ በተደጋጋሚ ወደ ላይ ተወንጭፈው አየር እየጎረሱ ከተመለሱ ውሃው እየታፈነ መሆኑን ይጠርጥሩ።

መብራት በሄደ ምሽት አይመግቡ። ፊልተሩ (የውሃ ማጣሪያው) ቆሟል፣ ፓምፑ ቆሟል፣ ሂተሩም (ማሞቂያው) ቀዝቅዟል። በጥቅምትና በኅዳር ብርድ ውሃው ቶሎ ይወርዳል፤ ኩሊ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ነው የምትፈልገው፣ ሲቀዘቅዝባት የምግብ ፍላጎቷ ይዘጋል። አንድ ሁለት ሌሊት ሳትበላ ብታድር ምንም አትሆንም፤ የታፈነ ውሃ ግን እስከ ጠዋት አይጠብቃትም። ከአቅምዎ ካላለፈ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ አየር ፓምፕ ቤት ውስጥ ቢኖር ጥሩ ነው። በየሳምንቱ ሩቡን ውሃ ይቀይሩ፤ ሲቀይሩ መጀመሪያ የመመገቢያውን ቦታ በቱቦ ይጥረጉ። የሚጨምሩት ውሃ ክሎሪኑ የወጣ፣ ሙቀቱም የተመጣጠነ ይሁን።

ጠጠሩ መቀየር አለበት። ኩሊ አሸዋ ውስጥ ካልተቀበረች፣ አሸዋ ካልጎረሰች፣ ግማሹን ኑሮዋን አልኖረችም። ሻካራ ጠጠር ሪዟንም ያቆስላል። ሪዟ ያለቀ ኩሊ ምግብ ፊቷ ቢቀመጥም ለማግኘት ትቸገራለች። የወንዝ አሸዋ ይምረጡ፤ ከድንጋይ ተፈጭቶ የሚወጣው ስለታም ነው። ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ደጋግመው ይጠቡት። ጥቂቱን ለብቻ አድርገው ኮምጣጤ ያንጠባጥቡበት፤ አረፋ ካወጣ ኖራ አለውና ይተዉት። ውፍረቱ 3 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ጠጠሩን በአንድ ቀን አያውጡት፤ ጠቃሚዎቹ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት እሱም ላይ ነው። በየሳምንቱ ጥግ ጥጉን እያሉ ይቀይሩ።

መደበቂያ በበዛ ቁጥር ዓሣዎቹ ይበልጥ ይታያሉ። እንግዳ ይመስላል፣ ግን እውነት ነው፤ መሸሻ ቅርብ መሆኑን ያወቀች ኩሊ ትደፍራለች። ወጥ ያልተሠራበት የሸክላ ገል፣ የኮኮናት ቅርፊት፣ እንጨት፣ ሁሉም ይሆናል። የደረቀ የዘይቱን ቅጠልም ወለሉ ላይ ይጣሉ፤ ሲለሰልስ ላዩ ላይ ጥቃቅን ነፍሳት ይራባሉ፣ ኩሊዎቹም በመሃል ይቀማምሳሉ። የባህር ዛፍ ቅጠል ግን በፍጹም፤ ዘይቱ ይጎዳቸዋል። የፊልተሩን ውሃ መሳቢያ በስፖንጅ ይሸፍኑት፣ የአኳሪየሙንም ክዳን ክፍተት ይድፈኑ። ጠፋች የተባለች ኩሊ ብዙ ጊዜ የምትገኘው ፊልተር ውስጥ ነው፤ አንዳንዴም ምንጣፍ ላይ።

የከሳችውን በተመለከተ። ገበያ ላይ ያሉ ኩሊዎች በአብዛኛው ከወንዝ የተያዙ ናቸው፤ ሆዳቸው ውስጥ ትል ይዘው የሚመጡ አሉ። ረሃብና ትል ደግሞ ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። ስለዚህ ወደ መድኃኒት አይቸኩሉ። ሦስት ሳምንት በደንብ ይመግቡ። ሦስቱም ከሞሉ ነገሩ ረሃብ ነበር፣ አለቀ። ሁለቱ ሞልተው እሷ ብቻ እየበላች ከከሳች፣ ወይም ነጭ ክር የመሰለ ዓይነ ምድር ከታየባት ትል ይጠርጥሩ። ለዚህ ከሚሰጡት አንዱ ሌቫሚሶል ነው። የእንስሳት መድኃኒት ቤት ይገኛል፤ ግን የሚሸጠው ለበግና ለከብት በሚሆን መጠን ነው። የአኳሪየምዎን ሊትር ይዘው የእንስሳት ሐኪም ያማክሩ፣ በማንኪያ አይገምቱ። መዳብ ያለበትን የዓሣ መድኃኒት ኩሊ አትችለውም። ሕክምናው ላይ ከደረሱ ሦስቱንም አንድ ላይ ወደ ሌላ ዕቃ ያውጧቸው፤ አንዷን ነጥለው ቢያወጧት ትደነግጥና መብላት ታቆማለች። በመረብ ከሆነ በጣም ቀስ ይበሉ፤ ከዓይኗ ሥር ያለችው ትንሽ እሾህ ክሩን ትይዛለች። በብርጭቆ መቅዳት ይቀላል።

ሌላው፣ ሦስት ኩሊ ጥቂት ነው። ስድስት ሲሆኑ ተደርበው ይተኛሉ፣ አብረው ይወጣሉ፣ ምግብም በድፍረት ይበላሉ። ሌላ ሦስት መጨመሩ ታዲያ የከሳችው ሆዷ ከሞላ በኋላ ይሁን። አዲሶቹንም መጀመሪያ ለብቻቸው ጥቂት ሳምንት ያቆዩዋቸው።